ጎን ያለው ሣጥን

ተንደር ቤይ፣ የጥር ሌሊት፣ ከዜሮ በታች ሠላሳ፤
ሐይቁ አፉን ገጥሞ ተኝቷል፣ ቀን ወጥቶለት እስኪነሣ።
እኔ የአረጋውያን ቤት ተረኛ፣ ነጭ ጫማዬን አጥልቄያለሁ፤
ከምሽቱ አምስት እስከ ንጋት ኮሪደር እጠብቃለሁ።

ክፍል አሥራ አራት መብራት አለ። ሄልሚ ዛሬም አልተኛችም፤
እንቅልፍ ጥሏት ከኮበለለ ከርሟል፣ እሷም ሽማግሌ አትልክም።
ከትዳሯ ቤት ይዛው የመጣችው ሆዳም የእንጨት ሣጥን፣
የልጅ ልጇ ገመድ ገጥሞለት፣ ያሳያል የድሮ ድራማውን።

ድምፁ የሞተው አምና ነው፤ ማንም ሊያስጠግን አልቸኮለም።
የሰዎቹ አፍ ይከፈታል፣ ቃል ግን አንድም አይወጣም።
ሳቅ የሚገባበትን ቦታ ሄልሚ ብቻ ታውቃለች፤
ተዋንያኑ ቆም ሲሉ
እሷ በባዶው ትስቃለች።

እኔ ደግሞ ደብተር አለኝ፤ በአንድ ወገን የሽንት ሰዓት፣
የደም ግፊት፣ የክኒን ቁጥር፤ በሌላው ወገን ግጥም አለበት።
ለጀግናው ምንም አልጻፍኩም። ባርኔጣ አለው፣ ፈረስ አለው፤
ሲወድቅ እንኳ ከታች ፍራሽ፣ ከላይ መብራት የሚይዝ አለው።
እኔ የማየው ከኋላ ነው፦
ባንኮኒው ጥግ የሚቀመጠውን፣ ጆሮው ሰፊ፣ ትከሻው ጠባብ፣
ስኒ አንሥቶ የማይጠጣ፣ ጋዜጣ ገልጦ የማያነብ።

ሰኞ ፖሊስ ሆኖ አለፈ። ማክሰኞ የሆቴል ተሸካሚ።
ረቡዕ ሐኪም ቤት ነበረ፣ አንሶላ የለበሰ ታማሚ።
ሐሙስ ጥይት ሳይነካው ሞተ፣ ሰው ላይ እንዳይወድቅ ተጠንቅቆ፤
ዓርብ ከስኒው ጋር ተመለሰ፣
ትንሣኤውን ከሰው ደብቆ።

ስሙ ይመጣል ብዬ ጠበቅኩ። በመጨረሻ ጽሑፉ ሮጠ፤
ጸጉር ሠሪዋ፣ መብራት ያዡ፣ ሁሉም ስም አገኘ፤ እሱ አመለጠ።

«ምን ትጽፊያለሽ፣ ቲርኖ?» አለች። (ትርንጎ ማለት አይሆንላትም።)
«ስለዚያ ሰውዬ።»
«ስሙ ማነው?»
«የለውም። ማንም አይጠራውም።»
መነጽሯን በአንሶላው ጠረገች።
«ታውኖ በይው። ባሌ ልክ እንደሱ ነበር፤
በሠርጋችን ፎቶ ላይ እንኳ ከወንድሜ ጀርባ ተደብቋል፣ ባርኔጣው ብቻ ሲቀር።
አርባ ዓመት ወረቀት ሠራ፣ እዚያ ፋብሪካ፣ ወንዙ አጠገብ፤
አርባ ዓመት ሙሉ ሲሠራው አንድ ቀን አላለም ልጻፍበት፣ ላንብብ።»

እኔም ጀመርኩ፦ «ታውኖ፣ ስኒህ ቀዘቀዘ…»
እዚያው ደረቀ። ቤት አልመታ አለኝ፤ እጄ ላይ ብዕሩ ፈዘዘ።
ምስሉም ያኔ ተንቀጠቀጠ፤ በረዶ ወረደበት፣ ተጣመመ፤
ሰውዬው ከወገቡ ተቆርጦ
ግማሹ ሄደ፣ ግማሹ ቆመ።

ሄልሚ ከአልጋዋ ጎንበስ ብላ፣ አጥንት ብቻ በቀረው መዳፏ፣
ሣጥኑን ከጎኑ መታችው፦ ጧ!
የድሮ ስድብ ነበር በአፏ።
ምስሉ ቀጥ አለ። ስኒው ወደ ከንፈር ተጠጋ፤
የኔም ቤት መታ፣
ከሣጥኑ እኩል፣ በአንድ አለንጋ፦
«ስድሳ ዓመት አፍህ ደጅ ቆሞ፣ አትግባ ብሎ ማን አዘዘ?»

የበረዶውን ወራት እንዲህ ገፋን፤ እሷ ትመታለች፣ እኔ እመታለሁ።
ሠላሳ አንድ ግጥም ለታውኖ፤ ከነስርዙ ቆጥሬያለሁ።

በረዶው ሲሰነጠቅ፣ ሚያዝያ ላይ፣ አስተዳዳሪው መጣ በፈገግታ፤
ሣጥኑን በጋሪ አስወጥቶ፣ ግድግዳው ላይ ሰቀለ ጠፍጣፋ ስጦታ።
ምስሉ ጥርት ያለ ነው፤ የታውኖ ጢም ይቆጠራል፤
ድምፅም አለ፤ ሳቁ ሄልሚን ሳይጠብቅ በሰዓቱ ይመጣል።
ግን ቀጭን ነው። ጎን የለውም።
ቢታመም ደውሉ ይላል እንጂ በመዳፍ አይድንም።

ትናንት ሌሊት ብዕር ይዤ ከሰውዬው ጋር ተፋጠጥኩ፤
ስኒው ባዶ መሆኑን አየሁ።
ያንን ባላይ ይሻል ነበር። አንድ መስመር ጽፌ ሰረዝኩ፤
ሌላ ጽፌ ሰረዝኩ።

ሄልሚ ሳቁን ችላ ብላ ወንበሬን በእግሯ ሳበችው፤
ደብተሬን ከጉልበቴ አንሥታ
ጎኑን በመዳፏ መታችው።
አንዴ።
ቆየችና ሁለተኛ።
«አሁን ይሠራል» አለችኝና
ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ተኛች።